የጨው መንገድና የክርስቲያን ጠባይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከመካከላችን ብዙ ሰዎች በሃይማኖትና በምግባር ለማደግ ይመኛሉ፤ ነገር ግን የሚያድጉበትን ጊዜና ስፍራ ከፊታቸው አርቀው ያስቀምጡታል። ነጋዴው «ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ጸሎት እጀምራለሁ» ይላል፤ ገበሬው አዝመራው እስኪገባ፣ እናት ልጆቿ እስኪያድጉ፣ ሠራተኛው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቀጠሮ ይሰጣል። ሌላውም «ገዳም ብገባ ኖሮ ደግ ሰው እሆን ነበር» እያለ በከተማ መኖሩን እንደ ምክንያት ያቀርባል። እንዲህ እየተባለ ዕድሜ ያልቃል። እኛ ግን በዛሬው ትምህርታችን ሃይማኖት የሚያድገውም የሚጎድለውም በየዕለቱ ሥራ ውስጥ መሆኑን ከገዛ አገራችን ታሪክ ለማሳየት እንወዳለን። ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ አንሄድም፤ በመቐለ ገበያ ሁላችንም የምናውቀውን ጨው እናነሣለን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ላይ ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱን በምድር ጨው መሰላቸው፤ ጨውም ጣዕሙን ካጣ ተጥሎ ከመረገጥ በቀር ለምንም እንደማይጠቅም አስጠነቀቀ። ይህን ትምህርት በየትም አገር ያለ ክርስቲያን ያነበዋል፤ የመቐለና የእንደርታ ሰው ግን ከማንበቡም አስቀድሞ በዓይኑ ያየዋል። ጨው ከወዴት እንደሚመጣ፣ በስንት ድካም እንደሚመጣ፣ በምንስ እንደሚጎድል ከአባቶቹ ተምሯልና።

የጨው ምድር ያለው ከመቐለ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከአፋር ቆላ ውስጥ ነው። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተሠራች ከተማ ስትሆን፣ የአሳሌ ሐይቅ ያለበት የጨው ሜዳ ግን ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት ሲደርቅ ጨው እንደ ንጣፍ ተነጥፎ ቀረ። በዚያ ስፍራ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም፤ የሚጠጣ ውኃም ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። ሠራተኞቹ ንጣፉን በመጥረቢያ ይሰነጥቁና በእንጨት ፈንቅለው ያነሡታል፤ ከዚያም ጠራቢው እኩል እኩል አድርጎ ይጠርበዋል። በዚህ ሥራ የትግራይ ክርስቲያንና የአፋር ሙስሊም ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ሲደክሙ ኖረዋል። አንዱ የሚፈነቅለውን ሌላው ይጠርበዋል፤ አንዱ የሚጠርበውን ሌላው ይጭነዋል።

ከደጋ ወደ ጨው ምድር የሚወርዱትን ነጋድያን የትግራይ ሕዝብ አርሆ ይላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ግመላቸውን፣ በቅሏቸውንና አህያቸውን እየነዱ፣ ስንቃቸውንና የከብቱን ገለባ ተሸክመው በበርሐሌ በኩል ይወርዳሉ፤ ጭነታቸውንም ይዘው ያንኑ አቀበት ብዙ ቀን ተጉዘው ይወጣሉ። በቀድሞው ዘመን ይህን ቅፍለት የሚመራና ከሽፍታ የሚጠብቅ ሹም ነበረ፤ ማዕረጉም ባልገዳ ይባል ነበር። በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ በየገበያውም ጨው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ጨው ለአባቶቻችን የወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም። እንደ ሞረድ ድንጋይ ረዘም ተደርጎ የተጠረበው ጨው አሞሌ ተብሎ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቷል፤ ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ መጠንም ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ብር ካስመቱ በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ባንክ ከተከፈተም በኋላ፣ አሞሌ በብዙ አውራጃ ወዲያው አልቀረም። ገበሬው በአሞሌ ጨርቅ ይገዛ ነበር፤ በአሞሌም ዕዳውን ይከፍል ነበር።

የጨው ንግድ ከዚህም እጅግ ይቀድማል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ የአክሱም መንግሥት ወደብ ወደነበረችው ወደ አዱሊስ መጥቶ የሰማውን ጽፎ አቆይቶልናል። በዚያን ጊዜ አክሱም በአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት ካመነች ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ኮስማስ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ በኩል ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ነጋድያንን ይልክ ነበር። ቁጥራቸው ከ500 የሚበልጥ ነጋድያን በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያም ሲደርሱ በእሾህ አጥር አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ወርቅ ይዘው ይመጡና ከወደዱት ዕቃ አጠገብ ወርቃቸውን አኑረው ፈቀቅ ይላሉ። የዕቃው ባለቤት ቀርቦ ያያል፤ ዋጋው ከበቃው ወርቁን ይወስዳል፤ ካልበቃው ትቶት ይመለሳል። ያን ጊዜ የወርቁ ባለቤት ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋ አይገናኙምና አንድ ቃል አይነጋገሩም።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ይህን ነገር አስተውሉት። በዚያ ገበያ ዳኛ የለም፤ ውል የለም፤ ምስክር የለም። ወርቁ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ባለቤቱ ዘወር ብሏል። አንዱ ወገን ሁለቱንም ይዞ ቢሄድ ማን ያግደዋል? ነገር ግን አንድ ጊዜ ቢሠርቅ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመለስበት ገበያ አይኖረውም። ገበያው የቆመው በእምነት ነበር። በቋንቋችን እምነት የሚለው ቃል ሁለቱንም ነገር ያመለክታል፤ በእግዚአብሔር ማመንንም፣ በሰው ዘንድ መታመንንም። ሁለቱን የሚያስተሳስር አንድ ሥር ነው። በእግዚአብሔር አምናለሁ የሚል ሰው በሚዛኑ ካልታመነ፣ እምነቱ አንድ እግሩ የተሰበረ ማለት ነው። ያ የሳሱ ሰው ወንጌል ሳይሰማ በወርቁ ከታመነ፣ እኛ የተጠመቅንና ቅዱስ ቍርባን የምንቀበል ሰዎች ምን ያህል ልንታመን ይገባን ይሆን?

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መቐለን መቀመጫቸው አድርገው ቤተ መንግሥታቸውን ጃኮሞ ናሬቲ በሚባል ጣሊያናዊ የእጅ ባለሙያ አሠሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ዐረፉ፤ የመቐለ ገበያ ግን ከእርሳቸው በኋላም አልፈረሰም። ከጨው ምድር የሚወጣው ቅፍለት ወደ መቐለ መግባቱን ቀጠለ፤ ከዚያም ጨው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይሄድ ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ ቆላው ጥሩ መንገድ ተሠርቶ መኪና ጨው መጫን ስለ ጀመረ የግመሉ ጉዞ አጥሯል። ቢሆንም የመቐለ ሰው የግመል ቅፍለት ሲያይ አባቶቹን ያስታውሳል።

አሞሌ ከአሳሌ ተነሥቶ ሩቅ አገር እስኪደርስ ድረስ በምን በምን እንደሚጎዳ እንመልከት። በአንድ ጊዜ ወድቆ የሚሰበር ጥቂቱ ነው። የሚበዛው በግመሉ ጎን ሲፋተግ ጠርዙ ይበላል፤ ዝናም ሲነካው ይሟሟል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጥቂት ጥቂት ይሸራረፋል። የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ በሙሉ ዋጋው አይወሰድም። ስለዚህ ነጋዴው ጭነቱን በጥንቃቄ ያስራል፤ ማታ ሲሰፍር ያራግፋል፤ ጧት እንደ ገና ያስራል፤ ደመና ሲያይ ይሸፍናል። ይህን ለአንድ ቀን ቢተው ጨው አለኝ እያለ የጨው ፍርፋሪ ይዞ ይገባል።

የክርስቲያን ጠባይም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን ሃይማኖቱን የሚክድ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምንጎድለው በመሸራረፍ ነው። ዛሬ «ምን አላት» ብለን በተናገርናት ትንሽ ውሸት፣ ነገ በጎደለች አንድ ጣሳ፣ ከነገ ወዲያ ሳንከፍል ባሳደርነው የሠራተኛ ደመወዝ እንሸራረፋለን። ስማችን አሁንም ክርስቲያን ነው፤ ማዕተባችን ባንገታችን ነው፤ ጾሙንም አልሻርንም። ቢመዘን ግን የጎደለው ብዙ ነው። አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ማለታቸው ስለዚህ ነው።

ጉድለቱ በጥቂት በጥቂት እንደሚመጣ ሁሉ ዕድገቱም በጥቂት በጥቂት ይመጣል። በዮርዳኖስ ዳር ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው «ምን እናድርግ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ ሥራችሁን ትታችሁ ወደ ምድረ በዳ ተከተሉኝ አላላቸውም። ቀራጩን ከታዘዘው ቀረጥ አብልጦ እንዳይወስድ፣ ወታደሩን በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠራና ደመወዙ እንዲበቃው አዘዘው። እርሱ ራሱ የግመል ጠጕር ለብሶ በምድረ በዳ የሚኖር ባሕታዊ ሲሆን፣ ለሌላው ግን ምናኔውን በኬላውና በጦር ሰፈሩ ውስጥ ሰጠው። እንግዲህ ገዳም አልገባሁም ብሎ የሚያዝን ነጋዴ ሱቁ ገዳሙ መሆኑን፣ ሚዛኑም መቋሚያው መሆኑን ይወቅ።

እኛ ይህን ነገር መጀመሪያ የተማርነው ከመጽሐፍ አልነበረም። በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ፊደልና ዳዊት በምንማርበት ጊዜ፣ በገበያ ዳር ጨው የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። ለተማሪ የምትሰጠው ቁራሽ አልነበራትም፤ ነገር ግን በየቀኑ ለእያንዳንዳችን አንድ ቁንጥር ጨው ታቀምሰን ነበር። ያገኘነውን ደረቅ ቁራሽ በእርሷ ጨው እንበላ ነበር። አንድ ቀን ቆመን ስናያት፣ ለገዢው መዝና ከጨረሰች በኋላ በእጇ ጥቂት ጨመረችለት። «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቃት «ምርቃት ነው» አለችን። ልጆች ነበርንና ምርቃት በቄስ አፍ የሚነገር ብቻ ይመስለን ነበር፤ በእጅም እንደሚሰጥ ያን ዕለት አወቅን። እኒያ እናት ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ነገር ግን የቃሉን ሁለት ትርጓሜ በአንድ እጅ ይዘውት ነበር።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጉድለት ልንሠውር አይገባንም፤ ጉድለቱን የሚሠውር ሰባኪ የሌላውን ጉድለት ለመንቀፍ አፍ የለውምና። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ የደረሰብንን መከራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባንክ ተዘግቶ ሰው የገዛ ገንዘቡን ማውጣት አቃተው፤ ስልክና መብራት ጠፋ፤ እህል ተወደደ፤ መድኃኒት ታጣ። በዚያ ወራት በአንድ ምሽት በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን የሆነች የልጆች እናት ነበረች። «አባታችን፣ ለልጆቼ አንድ ጣሳ ገብስ ያበድሩኝ» አለች። እኛም «የለንም» አልናት። ነበረን። ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን ነበረን። የነገን ፈርተን የዛሬን ካድን። በዚያው ሳምንት እኛው ራሳችን ስለ ሁለቱ ዓሣና ስለ አምስቱ እንጀራ በዐውደ ምሕረት ቆመን አስተምረን ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። ሲነጋ አንድ ጣሳ ሞልተን ወደ ቤቷ ሄድን። ለካስ ማታ ከእኛ ደጅ ተመልሳ በጉሊት ከሚነግድ ሰው ቤት ሄዳ ነበር። ያ ሰው የነበረው ገብስ ከእኛ የሚያንስ ሲሆን እኩሌታውን አካፍሏት ነበር። እኛን ስታይ አልተቆጣችም፤ አልወቀሰችንም። ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለችና፣ ወዲያው ከፊታችን እኩሌታውን ከፍላ ለሌላ ጎረቤት ላከች። እኛ አፈርን። ስለ ጨው ስናስተምር የኖርን እኛ ተሸርፈን ተገኘን፤ ያ ጉሊት ነጋዴና ያች እናት ግን ጣዕማቸውን እንደ ያዙ ነበሩ።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄደን ነገሩን በተናዘዝን ጊዜ ብዙ ስግደት ያዙናል ብለን ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ከዛሬ ጀምሮ በርህ ሲንኳኳ ሌላ ሰው አትላክ፤ ተነሥተህ ራስህ ክፈት» አሉን። ቀላል ትእዛዝ መስሎን ነበር። ነገር ግን በየቀኑ ያ በር ሲንኳኳ ልባችን ሲወላውል አየነው። አንዳንድ ቀን ከደስታ ጋር ከፈትን፤ አንዳንድ ቀን እያጉረመረምን ከፈትን። ውሎ አድሮ ግን እጃችን ከልባችን ቀድሞ መክፈት ለመደ፤ ልባችንም እጃችንን ተከተለ። የምግባር ዕድገት ይህ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ይህን ዕድገት እንደ ጭነት አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ይነግረናል። በእምነት ላይ በጎነትን፣ በበጎነት ላይ ዕውቀትን፣ በዕውቀት ላይ ራስን መግዛትን፣ ከዚያም ትዕግሥትን፣ እግዚአብሔርን መምሰልን፣ የወንድማማች መዋደድን፣ በመጨረሻም ፍቅርን እንድንጨምር ይመክረናል። ነጋዴ ግመሉን በአንድ ጊዜ በሁሉ አይጭነውም፤ ሚዛኑን እየጠበቀ ከግራና ከቀኝ ጥቂት ጥቂት ይጨምርለታል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ጧት ከቤት ሳትወጡ ፊታችሁን አማትባችሁ አቡነ ዘበሰማያትን በማስተዋል ድገሙ፤ ጊዜው አጭር ቢሆን ቀኑን በእግዚአብሔር እጅ ሰጥታችሁ መውጣታችሁ ነውና። ነጋዴ የሆንህ፣ ሱቅህን ስትከፍት መጀመሪያ ሚዛንህን አስተካክል፤ ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያውን አሳንሰው ዋጋውን የሚያከብዱትን አጥብቆ ወቅሷልና። ቀጣሪ የሆንህ፣ የሠራተኛህን ደመወዝ በቀኑ ክፈል። ተቀጣሪ የሆንህ፣ አለቃህ ባያይህም የሚያይህ አለና ሰዓትህን አትስረቅ። ተማሪዎች፣ ያላጠናችሁትን ከባልንጀራችሁ ወረቀት አትገልብጡ። እናቶች፣ ከሠራተኛችሁና ከልጃችሁ ጋር ስትነጋገሩ ቃላችሁ ቅዱስ ጳውሎስ እንዳስተማረው በጨው የተቀመመ ይሁን፤ ጨው ሲበዛ እንደሚመርር ግን አትርሱ። በምትጾሙበት ጊዜ ከምሳችሁ የተረፈው ለማን እንደ ደረሰ ጠይቁ። በሥራችሁም ሁሉ ከሚገባው በላይ ጥቂት ምርቃት ጨምሩበት። ማታም ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ እንደሚመለከት ልባችሁን መርምሩ፤ የተሸረፈውንም ሳይቆይ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ጨው ጣዕሙን ካጣ ሰው አያጣፍጠውም፤ የሰውን ልብ ግን ክርስቶስ በንስሐ ይመልሰዋል፤ የእኛ ዕድል ከጨው የሚበልጠው በዚህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በከተማችን የሚጠገን ብዙ ነገር አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ሰው በሰው ላይ ያጣውን እምነት መመለስ ነው። ይህን እምነት አዋጅ ብቻውን አይመልሰውም። በሳሱ ገበያ ቃል ሳይነጋገሩ የተማመኑት ሰዎች የተማመኑት በሥራቸው ነው፤ እኛም የምንታመነው በትክክለኛ ሚዛን፣ በተከፈለ ዕዳ፣ በተከፈተ በር ነው። ከመካከላችን እያንዳንዱ ነገ ጧት በገዛ ቤቱ ይጀምር።

ያን የጨው መንገድ በድካም ያመላለሱትን አባቶቻችንን ያበረታ አምላክ እኛንም በቀን በቀን ያሳድገን፤ ጣዕማችንን ይጠብቅልን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።